የታላቅ ሰው ቃልና በዙሪያው የሚሰማው ሣቅ

በሥልጣኑ ወይም በሀብቱ ወይም በዕውቀቱ ስሙ የተጠራ ሰው በአደባባይ ቆሞ የማይገባ ቃል በተናገረ ጊዜ ሰዎች ሁሉ ፈጥነው የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «አፉን አዳልጦት ነው» የሚለው ነው። አባቶቻችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌም በዚያው ጊዜ ይጠቀሳል። ምሳሌው እውነተኛ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ወለምታ ማለት ደኅና ሲራመድ የነበረ እግር ባላሰበው ድንጋይ ላይ ሲዞር ነው። እኛ ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ግን እነዚህ ስመ ጥር ሰዎች የተናገሩት ክፉ ቃል በእውነት የአንድ ቀን ወለምታ ነውን፤ ወይስ እንደ ጠላ አስቀድሞ ተጠምቆ ብዙ ጊዜ የቈየ ነገር ኖሮ በዚያ ቀን ጋኑ የተከፈተ ብቻ ነው? የሚለውን ነገር ነው።

ይህንንም የምንጠይቀው በሰው ውድቀት ለመደሰት አይደለም። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ሹማምንትና በቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ ካህናት ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዱ ራሱ በሕዝብ ፊት የሚናገር ነው፤ የሚበልጠው ቍጥር ግን ለሚናገረው ሰው ቃሉን የሚጽፍለት፣ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ሲናገር የሚሰማው ነው። ጽሑፋችን ይልቁንም የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ወገን ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የሮብዓምን ታሪክ ካህናቱ ሁሉ ያውቁታል። ሰሎሞን ከሞተ በኋላ እስራኤል በሴኬም ተሰብስበው አባትህ ያከበደብንን ቀንበር አቅልልልን ብለው በለመኑት ጊዜ፣ ንጉሡ መልሱን ለመስጠት የሦስት ቀን ጊዜ ወሰደ። ሽማግሌዎቹ በለዘበ ቃል እንዲመልስ መከሩት። እርሱ ግን ይህን ትቶ አብረውት ያደጉትን ብላቴኖች ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ለሕዝቡ የሰጠው ያ ስለ አለንጋና ስለ ጊንጥ የሚናገር መልስ የራሱ አልነበረም፤ ከብላቴኖቹ አፍ የተቀበለው ነው። እንዲያውም ብላቴኖቹ ስለ ታናሽ ጣቱና ስለ አባቱ ወገብ የሚናገር ከዚያ የባሰ ቃል ጨምረውለት ነበር፤ ነገር ግን ንጉሡ በሕዝቡ ፊት በቆመ ጊዜ ያን ትቶታል። ስለዚህ ንጉሡ ከመካሪዎቹ ይልቅ ጥቂት ያፍር ነበር ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ከዐሥራ ሁለቱ ነገድ ዐሥሩ ከዳዊት ቤት ተለዩ። ይህ ሦስት ቀን የታሰበበት፣ የተመከረበት ቃል ነውና ማንም የአፍ ወለምታ ሊለው አይችልም። ሽማግሌዎቹ ምክራቸውን አንድ ጊዜ ከሰጡ በኋላ የብላቴኖቹ ምክር እንደ ተወደደ ባዩ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ግን መጽሐፉ አይነግረንም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው የዓመት ቍጥር ሁሉ፣ የእኛ መሆኑን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

በእንግሊዝ አገር ጄራልድ ራትነር የሚባል የጌጣጌጥ ነጋዴ ከአባቱ የተቀበለውን ንግድ በ1980ዎቹ ዓመታት እጅግ አስፋፍቶ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ሁለት ሺህ ያህል ሱቆች ይዞ ነበር። ሀብቱም የተገኘው ከመኳንንትና ከባለጸጎች አልነበረም። ዋጋው ረከስ ያለ ቀለበት፣ የጆሮ ጉትቻ፣ የአንገት ሐብል እየሸጠ ደመወዙን ቈጥሮ ከሚያድረው ሕዝብ ያገኘው ነው። በሚያዝያ ወር 1991 ዓ. ም. በለንደን ከተማ አልበርት ሆል በሚባለው ታላቅ አዳራሽ የኩባንያ መሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ሲያደርግ፣ ራትነር ስለ ንግዱ መሳካት እንዲናገር ተጋብዞ ቆመ። በንግግሩም መካከል ሱቆቹ ስለሚሸጡት አንድ የመጠጥ መቅጃ ጠርሙስ አነሣ። ጠርሙሱ ከስድስት ብርጭቆና ብር ከተቀባ ዝርግ ሳሕን ጋራ በ4 ፓውንድ ከ95 ፔኒ ይሸጥ ነበር። ሰዎች ይህን በዚህ ዋጋ እንዴት ትሸጣለህ? ሲሉኝ፣ ፍጹም ቆሻሻ ስለ ሆነ ነው እላቸዋለሁ አለ። የተናገረው ቃል ከዚህ የጸያፍ ነው፤ በዚህ ገጽ ልንጽፈው አይገባንም። ቀጥሎም ስለ አንድ የጆሮ ጉትቻ ሲናገር ዋጋው ከአንድ ሳንድዊች እንደሚያንስ፣ ነገር ግን ከጉትቻው ይልቅ ሳንድዊቹ ሳይበላሽ ሳይቈይ እንደማይቀር ተናገረ።

አዳራሹ ሣቀ። በማግሥቱ ግን ጋዜጦቹ ቃሉን በፊት ገጻቸው አውጥተው ለአገሩ ሁሉ አሰሙት። ገዢው ከሱቆቹ ራቀ፤ የኩባንያው የአክሲዮን ዋጋም 500 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወደቀ። በ1992 ዓ. ም. መጨረሻ ራትነር ራሱ ከሥራው ወጣ። በሚከተለው ዓመት ኩባንያው የቤተሰቡን ስም ፍቆ ሲግኔት ተብሎ ተጠራ። እስከ ዛሬም ድረስ እንግሊዞች አንድ ነጋዴ በገዛ አፉ ንግዱን ሲያፈርስ ያዩ እንደ ሆነ በራትነር ስም ይተርቱበታል።

እንግዲህ ይህ የአንድ ቀን መሰናከል ነበርን? አልነበረም። ሰውዬው ይህን ቀልድ ከዚያ ቀን በፊትም በሌላ ስፍራ ተናግሮት፣ ተሥቆለትም ነበር። ሣቁ ባይደጋገም ኖሮ ወደ አልበርት ሆል ይዞት ባልሄደ ነበር። በዚያም አዳራሽ የተቀመጡት ሰዎች ከራትነር ሱቅ የእጮኛ ቀለበት የሚገዙ አይደሉም። ገዢው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የቀልዱም ጣዕም ይኸው ነበር፤ የሚሰደበው ሰው ሩቅ መሆኑ። ከብዙ ወራት ደመወዙ ቀንሶ አጠራቅሞ ለሚያገባት ልጅ ቀለበት የገዛ አንድ ጎልማሳ በማግሥቱ ጧት ጋዜጣውን ገዝቶ ሲያነብ ምን እንደ ተሰማው ማሰብ ነው። ቀለበቱ ትናንትም ዛሬም ያው ነው፤ ወርቁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ነገር ግን የሸጠለት ሰው በስተኋላው ሲሥቅበት እንደ ኖረ ዐወቀ። ከገንዘቡ ኪሣራ ይልቅ የማይታረቀው ይህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲህ ቀልድ ሁሉ ይቅርን? የአገራችን ሊቃውንትስ ቀልደኞች አልነበሩምን?» ይል ይሆናል። ነበሩ እንጂ! የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና በአንድ በኩል ተክሌ ከሚባለው አቋቋም ጋራ ስማቸው የሚነሣ ታላቅ የማኅሌት ሊቅ ናቸው፤ በሌላው በኩል ደግሞ እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚነገር የጨዋታ አባት ናቸው። በስማቸው ከሚነገረው ጨዋታ ግን የሚበልጠውን ብትመረምሩት ነገሩ የሚነገረው ፊት ለፊት ነው፤ የተወጋው ሰው እዚያው ቆሞ ይሰማል፤ መልስ ካለውም ይመልሳል። በአንዳንዱም ጨዋታ የሚረቱት ራሳቸው አለቃ ናቸው። ከታች ያለው ወደ ላይ ሲቀልድ ድፍረት አለበት፤ እኩያ ከእኩያው ሲቀልድም ወዳጅነት ነው። ከላይ ያለው ሰው መልስ መስጠት በማይችለው ላይ፣ ይልቁንም በሌለበት፣ ሲቀልድ ግን ስሙ ቀልድ አይደለም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ይህን ያህል ስለ ቀልድ ከተናገርን፣ አሁን ደግሞ ቀልድ ያልነበረበትን፣ እንዲያውም ተናጋሪው ሊያመሰግን መጥቶ የሰደበበትን ነገር እናነሣለን። በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ በታላላቆቹ ማኅበሮች ውስጥ ነጮች ለብቻቸው ሲጫወቱት ቈይተው፣ በ1947 ዓ. ም. ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቍር አሜሪካዊ ወደ ብሩክሊን ዶጀርስ ቡድን ገብቶ ይህን አጥር አፈረሰ። አርባ ዓመት ሲሞላው፣ በሚያዝያ ወር 1987 ዓ. ም.፣ መታሰቢያ እንዲሆን አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተደረገ። የዚያው ቡድን ከፍተኛ ሹም የነበረው አል ካምፓኒስም ተጠርቶ ቀረበ። ካምፓኒስ በ1946 ዓ. ም. በሞንትሪያል ከሮቢንሰን ጋራ በአንድ ቡድን ተጫውቶ፣ በጕዞም ጊዜ አብሮት ያድር የነበረ ሰው ነው። ጠያቂው «ከአርባ ዓመት በኋላ ቡድኖቹን ከሚመሩት መካከል አንድ ጥቍር ሰው እንኳ የሌለው ለምንድን ነው?» ቢለው፣ ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው ነገር ሳይጐድላቸው አይቀርም ብሎ መለሰ። ጠያቂውም የሰማውን ማመን አቅቶት ቃሉን እንዲያርም መንገድ ከፈተለት። ካምፓኒስ ግን ስለ ዋና ችሎታቸው ሌላ ነገር ጨመረበት። በሁለት ቀን ውስጥ ሹመቱን አጣ።

ካምፓኒስ ጥቍሮችን የሚጠላ ክፉ ሰው አልነበረም ብለው የሚያውቁት ሰዎች መስክረውለታል። እኛም ምስክርነታቸውን ሐሰት አንልም። ነገሩን የሚያከብደው ይኸው ነው። ክፋት የሌለበት ሰው ይህን ቃል ከወዴት አመጣው? ብዙ ዘመን ከኖረበት ቤት ነዋ! በዚያ ቤት ሹማምንቱ ሲነጋገሩ ይህ ነገር እንደ ታወቀ እውነት ሆኖ ሲነገር ሳይኖር አልቀረም። ከተቀመጡትም መካከል ሰምቶ የሚያዝን ሰው አልነበረም፤ የሚያዝነውን ሰው ወደዚያ ወንበር አላቀረቡትምና። ካምፓኒስ የተናገረው በክፍል ውስጥ የሚናገረውን ነው። የተለወጠው መስማት የሚችለው ሰው ብዛት ብቻ ነበር።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ በቃል ስለ ተነገረ ነገር ነው። በወረቀት ተጽፎ፣ ታርሞ ስለሚነበበውስ ምን እንላለን?

የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር፣ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 19 ቀን 1999 ዓ. ም.፣ ወደ ሴኔጋል ሄደው በዳካር ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ ወጣቶች ንግግር አደረጉ። የባሪያ ንግድን ኃጢአት ማውገዛቸውን፣ ቅኝ ገዢዎችም በደል መፈጸማቸውን መናገራቸውን መደበቅ ፍርድ ማጣመም ነው። ነገር ግን በዚያው ንግግር ውስጥ የአፍሪካ ሰው ወደ ታሪክ በበቂ እንዳልገባ፣ የአፍሪካ ገበሬም ከወራቱ ጋራ እየተመላለሰ አንዱን ነገር ሲደጋግም እንደሚኖር ተናገሩ። ገበሬ በወራቱ መዝራቱና በወራቱ ማጨዱ በአፍሪካ ብቻ የሚደረግ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አልሰማንም ነበር፤ የፈረንሳይ ገበሬ ስንዴውን መቼ እንደሚዘራ ቢነገረን ደስ ባለን።

ይህ ንግግር የተደረገበት ዩኒቨርሲቲ የተሰየመው በሼክ አንታ ዲዮፕ ስም ነው። ዲዮፕ የጥንቱን የአፍሪካ ታሪክ በመመርመር ዕድሜውን የፈጸመ ሴኔጋላዊ ሊቅ ነው። በሰው ቤት ገብቶ፣ በባለቤቱ ስም በተጠራው አዳራሽ ቆሞ፣ የቤቱ ሰው ታሪክ የለውም ማለት የእንግድነት ወግ አይደለም። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነገር ነው። በፓሪስ ከተማ ባለው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ በእደ ማርያምን ዜና መዋዕል ከግእዝ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጕሞ በ1893 ዓ. ም. በዚያችው በፓሪስ ያሳተመው ጁል ፔሩሾን ፈረንሳዊ ነው። ይህ ፕሬዚዳንቱ በዳካር ከመናገራቸው 114 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ አፍሪካ ታሪክዋን ጽፋ እንደ ኖረች ፈረንሳይ አታውቅም ነበር ለማለት አይቻልም። ሊቃውንትዋ ያውቃሉ፤ ቤተ መጻሕፍትዋም ይመሰክራል።

ታዲያ ቃሉን የጻፈው ማን ነው? ንግግሩን ያረቀቀው የፕሬዚዳንቱ አማካሪ አንሪ ጌኖ ነው፤ ይህም የታወቀ ነገር ነው። ፕሬዚዳንቱ አነበቡት፤ ኀላፊነቱም የእርሳቸው ነው። ነገር ግን ይህ ቃል የተወለደው በአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጠረጴዛው እስከ ዳካር ድረስ ስንት ሰው እጅ እንደ ገባ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የለመደ ሰው ሊገምተው ይችላል። በየመሥሪያ ቤታችን ረቂቅ የምናዘጋጅ ሰዎች ስማችን ከወረቀቱ ግርጌ አይጻፍም፤ በዚህም ምክንያት ከነቀፋው ነጻ የሆንን ይመስለናል። የአፍሪካ ሊቃውንት በሚከተለው ዓመት መልሳቸውን በመጽሐፍ አሳትመው አወጡ። በ2009 ዓ. ም. ደግሞ በምርጫው የሳርኮዚ ተወዳዳሪ የነበሩት ወይዘሮ ሴጎሌን ርዋያል ወደ ዳካር ሄደው ስለዚያ ቃል ይቅርታ ለመኑ። ያልተናገረ ሰው ስለ ተናገረው ሰው ይቅርታ ሲለምን፣ የተጐዳው አገር በግድ ያከብረዋል።

ወደ አገራችን የሚቀርበውን ነገር ሆን ብለን ወደ ኋላ አቈይተነዋል። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ እንዲቀጥል የዓባይ ውሃ ከቀድሞ መሄጃው እንዲመለስ ተደረገ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 26 ቀን፣ የግብጹ ፕሬዚዳንት መሐመድ ሙርሲ በካይሮ የአገሩን የፖለቲካ ማኅበሮች መሪዎች ሰብስበው ስለ ግድቡ ያወያዩአቸው ጀመር። ከተሰበሰቡትም አንዱ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የሚያምፁትን እንርዳ አለ። ሌላው ግብጽ ሩቅ የሚደርስ የጦር አውሮፕላን ልትገዛ ነው የሚል ወሬ እንንዛ አለ። ግድቡን ስለ ማፍረስም ተነገረ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቴሌቪዥኑ መሣሪያ ተከፍቶ ስብሰባውን ለዓለም ሁሉ ያስተላልፍ ነበር፤ ተናጋሪዎቹ ግን ይህን አላወቁም።

ከፕሬዚዳንቱ ረዳቶች አንዷ ወይዘሮ ፓኪናም ኤል ሻርቃዊ በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቁ። አንባቢዎቻችን የይቅርታውን ቃል ልብ አድርገው ይመልከቱት። ይቅርታው የቀረበው ለተናጋሪዎቹ ነበር፤ ስብሰባው በቀጥታ እንደሚተላለፍ ሳልነግራችሁ ስለ ቀረሁ ይቅርታ አድርጉልኝ የሚል ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት እንደ ጥፋት የተቈጠረው የተነገረው ቃል ሳይሆን መሰማቱ ነበር ማለት ነው። ኢትዮጵያም የግብጽን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች።

የኢትዮጵያና የግብጽ ሕዝብ በአንድ ወንዝ ብቻ የተገናኙ አይደሉም። ከፍሬምናጦስ ዘመን ጀምሮ እስከ 1959 ዓ. ም. ድረስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘች ጊዜ፣ ከእስክንድርያ መንበር ጋራ የነበረንን ግንኙነት ለካህናት መተረክ አያስፈልግም። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ቅሬታና ብዙ ክርክር ነበረ፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ይነገር ነበር። በካይሮው ስብሰባ የሚያሳዝነው ስለ ውሃ መጨነቃቸው አይደለም፤ ኑሮው በአንድ ወንዝ ላይ የተመሠረተ ሕዝብ ስለ ወንዙ ቢጨነቅ ማንም አይፈርድበትም። የሚያሳዝነው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ይህን ያህል ሰው ተቀምጦ፣ ስለ አንድ ጎረቤት ሕዝብ በዚህ ዓይነት ቃል መነጋገር ለተናጋሪዎቹ እንደ ተራ ነገር መታየቱ ነው። ከስብሰባው ውጭ የነበሩት የሰላም የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት መሐመድ ኤልባራዳይ ግን ኀላፊነት የጐደለው ንግግር ነው ሲሉ ለኢትዮጵያና ለሱዳን ሕዝቦችና መንግሥታት በግልጥ ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ቃላቸውን በመልካም እናስታውሰዋለን። ከስብሰባው በኋላ በዐሥረኛው ቀን፣ ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ. ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓባይ ተፋሰስ አገሮችን የትብብር ስምምነት አጸደቀ። ግድቡም ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመረቀ። በዚያ ቀን ከተናገሩት ሰዎች አንደበት የወጣው ቃል አንድ ድንጋይ እንኳ ከስፍራው አላነሣም፤ መተማመንን ግን ብዙ አፍርሷል።

በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ. ም. ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋራ በስልክ ሲነጋገሩ፣ ጋዜጠኞች ቆመው እየሰሙ፣ ግብጽ መጨረሻ ላይ ያን ግድብ ታፈነዳዋለች ብለው ተናገሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን በማግሥቱ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠይቋል። በካይሮ ተናጋሪዎቹ መሰማታቸውን አላወቁም ነበር። በዋይት ሐውስ ግን ሁሉ እንደሚሰማ ታውቆ ተነገረ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ክፉ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚመጣው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና አለው። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በጥቅምት 1976 ዓ. ም. በምርጫ ክርክር ላይ ሶቪየት ኅብረት በምሥራቅ አውሮፓ ላይ ገዢነት የላትም አሉ። የሶቪየት ጦር በፖላንድ ምድር ሰፍሮ ሳለ ማለት ነው። ጠያቂው ቢያስጠነቅቃቸውም አጸኑት። ከዚያም ቃሉን ለማረም ብዙ ቀናት ፈጁ፤ ከፖላንድና ከጎረቤቶችዋ ተሰድደው በአሜሪካ የሚኖሩት ሰዎች በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲያዝኑና ሲቈጡ ሰነበቱ። የብሪቲሽ ፔትሮሊየም ዋና ሹም የነበረው ቶኒ ሄይዋርድ በበኩሉ በ2010 ዓ. ም. በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ መቈፈሪያው ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ከሞቱና ዘይቱ ባሕሩን ካጥለቀለቀው በኋላ፣ ይህ ነገር እንዲያበቃ ከእኔ የበለጠ የሚፈልግ የለም፤ የቀድሞ ኑሮዬ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ይቅርታውን ግን በጥቂት ቀን ውስጥ አቀረበ። የሞቱት ዐሥራ አንድ ሰዎች ኑሮ ግን ለማንም አልተመለሰም።

በዘመናችን ደግሞ የሚበዛው ይቅርታ «ያስከፋሁት ሰው ካለ» የሚል ቃል ያለበት ነው። ይህ ቃል ይቅርታ አይባልም። ጥፋቱ በተናጋሪው ላይ መሆኑ ቀርቶ በሰሚው ቶሎ መከፋት ላይ ይጣላል። ንስሓ የሚያስገቡ አባቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ «በድዬ ከሆነ» ብሎ የመጣን ሰው «በድለሃልን ወይስ አልበደልህም?» ብለው ሳይጠይቁ አያሰናብቱትም።

በመጨረሻ የምናነሣው በጃፓን የሆነውን ነው። ቀድሞ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዮሺሮ ሞሪ የቶክዮ ኦሊምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሳሉ፣ በ83 ዓመት ዕድሜያቸው፣ በየካቲት 3 ቀን 2021 ዓ. ም. በአንድ ስብሰባ ላይ ሴቶች ብዙ የሚገኙበት ጉባኤ ንግግሩ ስለሚበዛ ጊዜ ይወስዳል ብለው ተናገሩ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዳንዶቹ መሣቃቸውን የሰሙት ጋዜጠኞች ጽፈዋል። በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ ቃላቸውን ነሥተው ይቅርታ ጠየቁ። ሕዝቡ ግን በዚህ አልተቀበላቸውም፤ በዘጠነኛው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። በስፍራቸውም በበረዶ ሸርተቴና በብስክሌት ውድድር በኦሊምፒክ የተወዳደረች ሴት፣ ሴይኮ ሃሺሞቶ፣ ተሾመች። ነገሩም በሊቀ መንበሩ መለወጥ ብቻ አልቀረም፤ በሚከተለው ወር ኮሚቴው ተጨማሪ 12 ሴቶችን በአባልነት አስገባ። ከዚያ በኋላ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ከመቶው 42ቱ ሴቶች ሆኑ።